ነርቭ ሽቦ ብቻ አይደለም፤ የውሻ ንክሻም «ጠብቆ ማየት» አይባልም

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የነበረ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። «ነርቭ ሽቦ ነው፣ ሌላው ተረት ነው» ይላል። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ በነርቭ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ የሚጓዝ ዕቃ የለም። ሁለተኛ፣ ሴል የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟው በራሱ ይሰራጫል። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት ላይ የምናየው በሁለት እግሩ የሚራመድ ፕሮቲን የኮምፒውተር ሥዕል ነው፤ ማንም አላየውም። አራተኛ፣ ማጓጓዣ ቢኖር እንኳ የነርቭ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ሴል አይመለከተውም። አምስተኛ፣ ስለዚህ እግሩ የደነዘዘ ሰው የቫይታሚን መርፌ ይወጋ፤ ውሻ የነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉ ከደረቀ አይጨነቅ፣ መርዝ ካለ በደም ይታያል፣ ጠብቆ ማየት ይበቃል።

አራቱ ስሕተት ናቸው። አምስተኛው ግን ሰው ይገድላል። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው። በከተማችን ባለቤት የሌለው ውሻ ምን ያህል እንደበዛ፣ ሲመሽ ከሐይቁ ዳር ወደ ቤቱ በእግሩ የሚመለስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጸሐፊው ስምዎን ስላላሰፈሩ «እርስዎ» እያልኩ በቀጥታ ላናግርዎት። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«በነርቭ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው» ላሉት

ግማሹ እውነት ነው። ነርቭ የኤሌክትሪክ ምልክት ያስተላልፋል። ፈጣኖቹ ነርቮች በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ያደርሱታል። ግን ያ ምልክት ከየት እንደሚመጣ አልጠየቁም። ሶዲየምና ፖታሲየም በነርቩ ሽፋን ላይ ባሉ በሮች ሲገቡና ሲወጡ ነው የሚፈጠረው። በሮቹ ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን ደግሞ ያረጃል፣ ይፈርሳል፣ ይተካል። አብዛኛው የሚሠራው በሴሉ ዋና አካል ውስጥ፣ ኒውክሊየሱ ባለበት ቦታ ነው። ጥቂቱ እዚያው ነርቩ ጫፍ አካባቢ ይሠራል፤ እሱም ቢሆን የሚሠራበት መመሪያ፣ ኤምአርኤንኤ የሚባለው፣ ከዋናው አካል ተጭኖ የሄደ ነው። ስለዚህ እርስዎ «ብቻ» ያሉት ኤሌክትሪክ ራሱ፣ «የለም» ያሉት ዕቃ ካልደረሰለት አይኖርም።

ርቀቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። የእግር ጣትዎን ከሚያንቀሳቅሱት ነርቮች የአንዱ ዋና አካል ያለው ወገብዎ በኩል፣ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ እግር የሚወርደው ቀጭን ጅራት አክሰን ይባላል፤ ረጅም ሰው ላይ 1 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የዋናው አካል ስፋት ግን ቢበዛ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ይህን ዋና አካል አሳድገን 3 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል ብናደርገውና ክፍሉን ባሕር ዳር ብንተክለው፣ አክሰኑ ጢስ ዓባይ ይደርሳል፣ 30 ኪሎ ሜትር። ስፋቱ ግን ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ጢስ ዓባይ ያለውን ጫፍ በሕይወት የሚያኖረው በዋናነት ከዚያች አንዲት ክፍል የሚላክ ዕቃ ነው።

ይህን ሰዎች የደረሱበት በግምት አይደለም። በ1850 አውግስጦስ ዋለር የሚባል እንግሊዛዊ የእንቁራሪት ምላስ ነርቭ ቆርጦ ምን እንደሚሆን ተከታተለ። ከዋናው አካል የተለየው ቁራጭ ፈራረሰ። የመዳብ ሽቦ ቢቆረጥ የተቆረጠው ቁራጭ ለዓመታት መዳብ ሆኖ ይቀመጣል። የተቆረጠ ነርቭ ግን በጥቂት ቀናትና ሳምንታት ውስጥ ይበሰብሳል። በ1948 ደግሞ ፖል ዋይስና ሔለን ሒስኮ ነርቭን ሳይቆርጡ አንድ ቦታ ላይ አጥብበው ያዙት። በዋናው አካል በኩል ያለው የአክሰኑ ክፍል አበጠ፣ ከማጥበቢያው በታች ያለው ቀጠነ። ማጥበቢያውን ሲያነሡት የታቆረው ነገር በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ኤሌክትሪክ እንዲህ አይታቆርም። የሚታቆረው የሚጓዝ ዕቃ ነው።

«እንደ ስኳር በሻይ በራሱ ይሰራጫል» ላሉት

ሻዩንም እኮ በማንኪያ እናማስላለን።

ይህ ነጥብዎ ግን ስሌት ስለሚገባው ጠጋ ብለን እንየው። በራሱ መሰራጨት፣ ዲፊዩዥን የምንለው፣ በእርግጥ አለ፤ ለአጭር ርቀትም ድንቅ ነው። መካከለኛ መጠን ያለው ፕሮቲን በሴል ፈሳሽ ውስጥ 10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ፣ ለመሄድ 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ችግሩ ርቀቱ ሲጨምር ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ። 1 ሜትር የ10 ማይክሮሜትር 100,000 እጥፍ ነው። ስለዚህ ጊዜው 10 ቢሊዮን እጥፍ ይሆናል፣ ማለትም 50 ቢሊዮን ሰከንድ። በዓመት ሲሰላ ከ1,500 ዓመት በላይ ነው። በአክሱም ዘመን ከወገብ የተነሣ ፕሮቲን ዛሬ እግር ይደርሳል ማለት ነው! ይህንን ራስዎ በካልኩሌተር ይሞክሩት፣ እኔን ማመን አያስፈልግዎትም።

ታዲያ ዕቃው እንዴት ይደርሳል? አክሰኑ ውስጥ ርዝመቱን ተከትለው የተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ማይክሮቱቡል ይባላሉ። የአንዱ ውፍረት 25 ናኖሜትር ነው፤ ናኖሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው። አንዱ ብቻውን ከላይ እስከ ታች አይደርስም፤ ብዙዎቹ እየተደራረቡ ነው መንገዱን የሚሠሩት። ሁሉም ደግሞ አንድ አቅጣጫ ይዘው ይሰለፋሉ፤ «ፕላስ» የሚባለው ጫፋቸው ወደ ነርቩ ጫፍ፣ «ማይነስ» የሚባለው ወደ ዋናው አካል። በእነሱ ላይ ጭነት ይዘው የሚሄዱ ሞተር ፕሮቲኖች አሉ። ኪኔሲን ጭነቱን ከዋናው አካል ወደ ጫፍ ይወስዳል። ዳይኒን ከጫፍ ወደ ዋናው አካል ይመልሳል። ኪኔሲን አንድ እርምጃው 8 ናኖሜትር ነው፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ኤቲፒ፣ የሴል ነዳጅ የሆነውን ሞለኪውል፣ ያቃጥላል፤ በሰከንድ መቶ ያህል እርምጃ ይራመዳል። ጭነቱ ብዙ ዓይነት ነው፦ በትናንሽ ከረጢቶች የታሸጉ ፕሮቲኖች፣ ለሴሉ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያ፣ ቅድም ያልኩት መመሪያ።

ሁሉም በአንድ ፍጥነት አይሄድም። ከረጢቶቹ በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ይጓዛሉ። ወገብ ላይ የተጫነ ነገር በጥቂት ቀናት እግር ይገባል። እንደ አጥንት ሆነው የነርቩን ቅርጽ የሚይዙት ፕሮቲኖች ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ ጥቂት ከፍ ዝቅ ባለ ፍጥነት ነው የሚሄዱት፤ 1 ሜትር ለመጨረስ ዓመታት ይፈልጋሉ። ለረጅም ጊዜ ይህ ዝግታ ግራ ሲያጋባ ቆየ። በ2000 በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እነዚህ ፕሮቲኖችም ሲሄዱ በፍጥነት ነው የሚሄዱት፣ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜያቸውን ቆመው ያሳልፋሉ። ይህ ግኝት እኔን እስካሁን ያስደንቀኛል። የተጎዳ ነርቭ መልሶ የሚያድገውም በዚሁ ዝግተኛ ፍጥነት አካባቢ ነው። አደጋ ደርሶበት እጁ የደነዘዘ ሰው ሐኪሙ «ወራት ይፈልጋል» ሲለው አያሰናብተውም፤ እውነቱን ነው የሚነግረው።

«ማንም አላየውም» ላሉት

ሥዕሉን በተመለከተ እስማማለሁ። ትልቅ ኳስ እየጎተተ ሽር ብትን የሚለው ፕሮቲን በኮምፒውተር የተሠራ ነው። እውነተኛው እንዲያ ዝግ ብሎ አይሄድም፤ በዙሪያው ያለው የውኃ ሞለኪውል ከየአቅጣጫው እየመታው እየተንቀጠቀጠ ነው የሚራመደው። ግን ሥዕሉ ያማረ መሆኑ ነገሩን ውሸት አያደርገውም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት አለንና ባልደረቦቹ ቪዲዮ ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝተው የስኩዊድን ወፍራም አክሰን ተመለከቱ። ስኩዊድ የባሕር እንስሳ ነው፤ አክሰኑ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊወፍር ስለሚችል ለዚህ ሥራ ይመቻል። ብናኝ የሚያክሉ ነገሮች በሁለቱም አቅጣጫ ሲርመሰመሱ ታዩ። በ1985 ሮናልድ ቬል፣ ቶማስ ሪስና ማይክል ሺትዝ ከዚያው ከስኩዊድ ኪኔሲንን ለይተው አወጡት። ይህን ልብ ይበሉልኝ፦ ሴል የሌለበት ብርጭቆ ላይ ቱቦውን፣ ፕሮቲኑንና ኤቲፒን ብቻ አድርገው እንቅስቃሴውን አዩት። ሕይወት ያለው ነርቭ እንኳ አላስፈለገም። በ1993 የ8 ናኖሜትሯ እርምጃ አንድ በአንድ በሌዘር ብርሃን ተለካች። በ2010 ደግሞ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ማዮሲን 5 የሚባለውን የኪኔሲንን መሰል ተራማጅ በልዩ ማይክሮስኮፕ ቀረጹት፤ ሁለት እግሩን እያፈራረቀ ሲሄድ ይታያል። ያ ሥዕል አይደለም።

«የነርቭ ጉዳይ ብቻ ነው» ላሉት

ስለ ባክቴሪያ ቢያወሩ ኖሮ ብዙም አልከራከርዎትም ነበር። ባክቴሪያ ትንሽ ስለሆነች ዲፊዩዥን አብዛኛውን ሥራ ይሠራላታል። የእኛና የእንስሳቱ፣ የተክሎቹም ሴሎች ግን ሌላ ናቸው።

ሩቅ አልሄድም። ጣና ውስጥ ያለውን ቀረሶ ይመልከቱ። ዓሣ አጥማጅ ቢጠይቁ ቀለሙ እንደሚጠቁርና እንደሚገረጣ ይነግርዎታል። ቆዳው ውስጥ ጥቁር ቅንጣቶችን የያዙ ሴሎች አሉ። ቅንጣቶቹ በሴሉ ውስጥ ሲበተኑ ዓሣው ይጠቁራል፣ መሐል ላይ ሲሰበሰቡ ይገረጣል። የሚበትናቸው ኪኔሲን ነው። የሚሰበስባቸው ዳይኒን ነው። የተበተኑትን ዳር ላይ የሚይዛቸው ማዮሲን ነው። ትእዛዙ ከነርቭ ሊመጣ ይችላል፤ ተሸካሚዎቹ ግን ያሉት ቆዳ ውስጥ ነው። ይህን ለተማሪ በማይክሮስኮፕ ማሳየት ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጣል፤ ቅንጣቶቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሰበሰቡ በዓይን ይታያል።

ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭም ተክል ነው፤ በተክል ሴል ውስጥ ያለው ፈሳሽ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በማዮሲን እየተገፋ ይዞራል። ይህን ዝውውር ጣሊያናዊው ቦናቬንቱራ ኮርቲ በ1774 በውኃ ውስጥ በሚያድግ ተክል መሰል ነገር ላይ አይቶታል። ጣፊያችን አጠገብ ያለው ቆሽት ኢንሱሊኑን በከረጢት አሽጎ ወደ ሴሉ ዳር ይልካል። ራንዲ ሼክማን በ2013 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። ከረጢቶች በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚላኩ ያጠናው በዳቦ እርሾ ነው። እርሾ ነርቭ የለውም።

አሁን ወደ አምስተኛው

«ቁስሉ ከደረቀ አይጨነቅ፣ መርዝ ካለ በደም ይታያል» ብለዋል። ይህ ሐሳብ የመጣው ከመጀመሪያው ስሕተትዎ ነው። በነርቭ ውስጥ ምንም አይጓዝም ካልን፣ በሽታም በነርቭ አይጓዝም ማለታችን ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው ደም ብቻ ይሆናል።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ግን የሚሄደው በደም አይደለም። በነርቭ ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ያውም በመመለሻው መንገድ። ዳይኒን ለበጎ ሥራ ነው የተፈጠረው፤ ያረጀ ሚቶኮንድሪያ ይመልሳል፣ ጫፍ ላይ የተቀበለውን የእድገት ምልክት ለዋናው አካል ያደርሳል። ቫይረሱ ከንክሻው ቦታ ወደ ነርቩ ጫፍ ሲገባ በዚሁ ዳይኒን ተጭኖ ወደ ኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይወጣል። በመንገድ ላይ እያለ ሰውየው አያተኩሰውም፣ አያመውም። ደሙን ቢመረምሩት አይገኝም። ቁስሉ ይደርቃል፣ ጠባሳ ይሆናል፣ ሰው ይረሳዋል። አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የሚታየው ከንክሻው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል። ፊት፣ አንገትና እጅ ላይ ሲሆን አደጋው ይብሳል፤ ነርቩ ይበዛል፣ ፊትና አንገት ላይ ደግሞ ለአንጎል ቅርብ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ ውኃ መፍራትና መቃዠት ከጀመረ፣ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። እርስዎ «ጠብቆ ማየት» ያሉት እንግዲህ ይህንን መጠበቅ ነው።

በሌላ በኩል ስናየው ይኸው መንገድ ጊዜ ይሰጠናል። ቫይረሱ መንገድ ላይ ሳለ፣ ይልቁንም ወደ ነርቩ ሳይገባ፣ ክትባቱ ሰውነት መከላከያ እንዲሠራ ያደርጋል። ስለዚህ ውሻ ሲነክስ መጀመሪያ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ነው። ቀጥሎ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ። ክትባቱን መጀመርና ሳያቋርጡ መጨረስ። ቁስሉ ከባድ ከሆነ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒት አለ። ውሻው ከታወቀ ለ10 ቀን ታስሮ ሊታይ ይችላል፤ ያ ግን ክትባቱ ተጀምሮ ነው እንጂ በክትባቱ ምትክ አይደለም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ እኔም አምናለሁ። ከሐኪም ጋር የሚያጣላው ነገር የለም፣ ሁለቱም ይደረግ።

ጽሑፍዎን ያነበበች አንዲት ጎረቤቴ የልጇን እጅ አሳይታኝ «ደርቋል እኮ» አለችኝ። ልጁ ደኅና ይመስላል፣ ይሯሯጣል። ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ክትባቱን ጀምሯል። ስንት እናት ግን የሚነግራት ሰው ሳታገኝ ጽሑፍዎን ብቻ አንብባ እንደቀረች አስቡት።

መንጋጋ ቆልፍም እንዲሁ ነው። ሚስማር የወጋው እግር ውስጥ ያለው ጀርም የሚያመነጨው መርዝ ወደ ነርቭ ጫፍ ገብቶ በዚያው የመመለሻ መንገድ ኅብለ ሰረሰር ይደርሳል፤ እዚያ ጡንቻን የሚያዝናናውን መልእክት ይዘጋል። ሰውነት የሚገትረው ለዚህ ነው። እሱም ክትባት አለው።

የቫይታሚን መርፌውን ደግሞ ባጭሩ። የእግር መደንዘዝ ብዙ መነሻ አለው፦ የስኳር በሽታ፣ የቢ12 እጥረት፣ መጠጥ፣ የሥጋ ደዌ፣ አንዳንድ መድኃኒት። ቪንክሪስቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ለምሳሌ ማይክሮቱቡሉን ራሱን ስለሚያፈርስ ጣት ያደነዝዛል። ብዙ ጊዜ ከእግር ጣት የሚጀምረው ረጅሞቹ ነርቮች መጀመሪያ ስለሚጎዱ ነው። ቢ12 ያነሰው ሰው ቢ12 ይወጋ፣ ትክክል ነው። የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ የሚወስድ ሰው ቢ6 ይሰጠዋል፣ እሱም ትክክል ነው። ስኳሩን ያልተለካ ሰው ግን መርፌ እየተወጋ ስኳሩ ነርቩን ይበላዋል። ቢ6 ደግሞ ከመጠን ሲያልፍ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ ነው፣ መርፌው በኋላ።

የጓያ ሽባነትንም ጠቅሰው «ሽቦው ሲበጠስ ነው» ብለዋል። ደምቢያና ፎገራ ያለ ገበሬ ጓያ በድርቅ ዘመን ምን እንዳደረገው ያውቃል። መርዙ የነርቭ ሴልን ከልክ በላይ እያነሣሣ ነው የሚጎዳው፤ የሚበጠስ ሽቦ የለም።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ስለ ሽቦው፣ ስለ ሻዩና ስለ ሥዕሉ የፈለጉትን ያህል እንከራከር፣ መልስዎን አነባለሁ። የውሻ ንክሻውን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ያውጡት፤ ጽሑፉን ለላኩላቸው ሰዎች ሁሉም ማረሚያውን ይላኩላቸው። ሰሞኑን የተነከሰና የጠበቀ ሰው ካለ አሁንም አልረፈደም፣ ምልክት እስካልታየበት ድረስ ይሂድና ይከተብ።